የሳሙና ካርቶን ዜና

«እንደምን አረፈዳችሁ፣ ውድ ተመልካቾቻችን። በቅድሚያ የዜናውን አርዕስት እናሰማለን» አለች ልጄ እናትዓለም፣ ከሳሙና ካርቶን ውስጥ አንገቷን ቀጥ አድርጋ። እኔ ከግቢው ቧንቧ ሥር ተቀምጬ ልብስ አጥባለሁ። በሰንበት ልብስ ማጠብ ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ጎህ ሲቀድ ከፋብሪካ የሚወጣ ሰው ሰንበትን የት ያገኘዋል? ዓይኔ በእንቅልፍ ተጣብቋል፣ ማሽኑ ገና ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል። ካርቶኑ ከሰፈራችን ነጋዴዎች፣ ከእነነፊሳ ሱቅ የመጣ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ የአባቷን ምላጭ ሰርቃ ፊቱን በአራት ማዕዘን ቀደደችው። ከጎኑ ሦስት የለስላሳ ቆርኪ በክር ሰፋችበት፣ ማብሪያና ድምፅ መጨመሪያ መሆኑ ነው። ከላይ የተሰበረ የጃንጥላ ሽቦ ሰካችና አንቴና ነው አለች። ከዚያ ወዲህ ልጄ ልጅ መሆኗ ቀረ። እሑድ በመጣ ቁጥር የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃታል። አንዱ ቆርኪውን ጠምዘዝ አድርጎ «ከፈትሁት» ይላል፣ እሷ መናገር ትጀምራለች።

ዜናው የእኛው የሰፈር ዜና ነው። የማን ዶሮ የማንን ጎመን ጫረች፣ በቀበሌው ሱቅ የስኳር ወረፋ ላይ እነማን ተደባደቡ፣ የጥጉ ተከራይ ቅዳሜ ማታ በየትኛው በር ተሳስቶ ገባ። ሁሉንም በዚያ በቴሌቪዥኑ ሰውዬ ድምፅ ነው የምታነበው፤ «ታውቋል»፣ «ተገልጿል»፣ «የሥራ ጉብኝት አድርገዋል» ትላለች። እኛ ትልልቆቹ ነን ጥፋተኞች። ሥቀናል። እንዲያውም የግቢያችን ሴቶች ሽሮ እየነፉ «እስቲ ዛሬስ ምን አለ?» እያሉ ብቅ ይሉ ነበር፤ ተከራዩም በራሱ ዜና ሥቆ ከረሜላ ሰጥቷታል። እኔም የሌላው ሰው ገመና ሲሆን ጥርሴን አላስከደነኝም፤ «አይ የኔ ልጅ፣ ምን ዓይነት አእምሮ ነው የሰጣት!» እያልሁ ኮርቻለሁ። አፈር በበላሁ። ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለውን ስንት ጊዜ ሰምቼው ለእኔ የተባለ አይመስለኝም ነበር።

«በአገር ውስጥ ዜና» አለች እናትዓለም። «ጓዲት የሺመቤት ትናንት ማታ ቴሌቪዥን ለመመልከት ወደ እትዬ ነፊሳ ቤት ተጉዘዋል። ነገር ግን ቴሌቪዥኑን አላዩም። ወደ ጓዳ ገብተው ከጓድ ክንዱ ጋር ተወያይተዋል። ጓድ ክንዱ ጎመን በእንጀራ የበሉ ሲሆን በመልካም ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ታውቋል።»

እጄ ሳሙናው ውስጥ ደርቆ ቀረ። ክንዱ የበኩር ልጄ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው። ጥር ላይ ቀበሌያችን ለውትድርና የሚልካቸውን ወጣቶች ኮታ ሲቀበል ስሙ ከዝርዝሩ ገባ፤ የቀበሌው ጠባቂዎች ሊወስዱት ሲመጡ አላገኙትም። «ወጥቶ ቀረ፣ የት እንደገባ አናውቅም» ብለን አለቀስን፤ ልቅሶውስ እውነት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፣ ነፊሳ ጓዳ በቡና ጆንያዎች መሃል ተቀምጧል። ቢገኝ እሱ በማግሥቱ ወደ ሰሜን ይጫናል፣ ነፊሳና ባሏ ይታሰራሉ፣ እኔም አልቀርም። ይህን ከእነነፊሳ ቤተሰብና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ይኸው ልጄ ለአሥራ አራት ልጅ አነበበችው። ከፊት ድንጋይ ላይ ሸንኮራ እየመጠጠች የምትሰማው ደግሞ ማን ናት? አደይ ናት፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር የጓድ አገኘሁ ልጅ።

መጮህ አልቻልሁም። ብጮህ ነገሩ እውነት መሆኑን ማሳወቄ ነው። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ፣ እየሣቅሁ፣ ጥርሴን እያሳየሁ፣ «በይ ዜና አንባቢ፣ ሽንኩርት ላጪልኝ» ብዬ ክንዷን ይዤ አስገባኋት። በሩን ዘጋሁ። ከዚያ መታኋት። ልጄን መትቻት አላውቅም ነበር፤ አመታቱንም አልችልበትም መሰለኝ፣ በአንድ እጄ አፏን አፍኜ በሌላው ያገኘሁትን ሁሉ መታሁ። ጀርባዋን፣ ጭኗን፣ ትከሻዋን። የሳሙናው አረፋ ቀሚሷ ላይ ሁሉ ተለጠፈ። ስለቃት ትንፋሿ ቆራርጦ፣ «ውሸት አልተናገርሁም! እማዬ ሙች፣ አይቻለሁ! መጋረጃው ሥር ሆኜ አይቻለሁ!» አለችኝ።

«እውነት ስለሆነ ነው የምመታሽ!» አልኋት።

ልጅቱ አየችኝ። ያኔ ነው መርስዔ ኀዘን፣ ባሌ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ጋዜጣ ይዞ መቀመጡ ትዝ ያለኝ። ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ አልጋችን፣ የልጆቹ መደብ፣ ሳጥኑ፣ ጠረጴዛው ሁሉም ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመው ነው የሚኖሩ። ያልሰማው ነገር የለም። መርስዔ ኀዘን ጸሐፊ ነው፣ በልጅነቱ ዲያቆን የነበረ፣ በሐሰት የማይምል ሰው። ክንዱ በጠፋ በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ፦ «የት እንዳለ አትንገሪኝ፤ ቢያስምሉኝ የማላውቀውን አላውቅም ብል ይሻለኛል።» ከዚያ ወዲህ ስለ ልጃችን አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። ሌሊት ቢገላበጥም አይጠይቀኝም፤ እኔም አልነግረውም። ዝም አይነቅዝም ይላል፤ የነቀዘው ሌላ ነገር ነው። አሁንም ጋዜጣውን አጠፈ፣ ኮቱን አነሣ፣ እናትዓለምን ራሷን ዳበስ አድርጎ «ሐይቁ ዳር ልቀመጥ» ብሎ ወጣ። ወደ ውጭ የወጣው የቀረውን ላለመስማት ነው። አንዳንዴ ይህን ሰው ገፍትሬ ሐይቅ ብከተው ደስ ይለኛል።

እናትዓለምን መደብ ላይ አስቀምጬ፣ «ስሚኝ» አልኋት። «ወንድምሽን አላየሽውም። ከጠፋ ሁለት ወሩ ነው። የት እንዳለ እናቱም አባቱም አያውቁም። የሚጠይቅሽ ካለ ይኸን ነው የምትይው። ሌላ ካልሽ ወታደር መጥቶ ይወስደዋል፣ ይሞታል፣ ገባሽ?» አፍንጫዋን ጠረገችና ራሷን ነቀነቀች። «ድገሚልኝ» አልኋት። ደገመችልኝ። እያነቃት፣ ቃል ሳትስት።

ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ነፊሳ ቤት ወጣሁ። ፀሐዩ ራስ ይበሳል፤ የመጋቢት የባሕር ዳር ሙቀት ነው፣ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ እንኳ የፈላ ውኃ ትንፋሽ ይመስላል። መንገዱ በጓድ አገኘሁ በር ነው የሚያሳልፍ። ልዞር አሰብሁና፣ የዞረ ይጠረጠራል ብዬ ቀጥ ብዬ ሄድሁ። ከአጥራቸው አጠገብ ስደርስ ምን ሰማሁ? «ባልደረባችን እናትዓለም መርስዔ ኀዘን ከሹም አቦ ሰፈር እንዳስተላለፈችው ዜና» ትላለች አደይ። ወይ ጉድ! እዚያም ካርቶን አለ። የእነሱ የብስኩት ካርቶን ነው፣ ከእኛ ይሰፋል። ለካ በየግቢው አንዳንድ ተቀድዷል፤ ለካ ዜናው ከግቢ ግቢ ይቀባበላል። አደይ የልጄን ቃል አንድ ሳታስቀር ታነባለች፣ ጎመኑን ሳይቀር። አባቷ በረንዳው ላይ በርጩማ አውጥቶ የሱሪውን ጉልበት ይጥፋል፤ ጓድ ከመሆኑ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፣ ዛሬም መርፌ ሲይዝ ነው ሰው የሚመስለው። «ጓድ ክንዱ» የሚለው ሲደርስ መርፌው ቆመ። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

«ጤና ይስጥልኝ ጓድ አገኘሁ» አልሁ፤ ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ።

«እግዚሃር ይመስገን፣ እንደምን ዋልሽ የሺመቤት» አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ኮታው እንዳልሞላለት፣ በየስብሰባው እንደሚያብጠለጥሉት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ወደ ካርቶኑ አገጩን ቀሰረና፣ «እነዚህን ልጆች ቴሌቪዥን አሠለጠናቸው» አለ።

«አበላሻቸው እንጂ፣ ያልሆነውን ሁሉ ያወራሉ።»

«እንግዲህ» አለና ክሩን በጥርሱ በጠሰው። «ማታ ነፊሳ ቤት እመጣለሁ። ዜና ከምንጩ ሲሰሙት ነው ደግ።»

የቀረውን መንገድ እንዴት እንደሄድሁት አላውቅም። ነፊሳ ሱቋን ለምሳ ዘግታ ሳሎኗን ስትጠርግ ደረስሁ። ሳሎኑ ሰፊ ነው፣ ዙሪያውን ምንጣፍና መከዳ ነው፤ ከፊት፣ እግሩ ረጅም ሳጥን ላይ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። ባሏ ኑርሑሴን ሲገዛው ሁለት ሺህ ብር አውጥቷል ይባላል፤ የእኔ የዓመት ደመወዝ አይነካውም። ነጋዴ ቴሌቪዥን ገዝቶ በሩን ቢዘጋ ክፉ ስም ያወጡለታል ብለው በሩን ለሰፈሩ ከፈቱት፤ ይኸው ሦስት ዓመት፣ ማታ ማታ አርባ ጫማ ደጃቸው ላይ ይከመራል። ክንዱን የደበቅነውም ለዚህ ነው። ሰው የሚግተለተልበት ቤት ማን ይጠረጥራል? እኔም በየማታው ብመጣ ማን ምን ይለኛል? ነፊሳ ደግሞ ባዕድ አይደለችም። ክንዱ ሲወለድ የወሊድ ትኩሳት ጥሎኝ፣ ከራሷ ልጅ ጋር እኩል ያጠባችው እሷ ናት። በእነሱ ሃይማኖት የጡት ልጅ ልጅ ነው፤ ከሴቶች ልጆቿ ጋር አንድ ቤት ቢያድር ነውር የለውም። «የጠባው ጡት ከዚህ ነው፣ ከዚህ ወዲያ የት ይሄዳል?» ብላ እኔ ሳልለምናት ነው ያስገባችው።

ነገርኋት። መጥረጊያውን ይዛ ቁጭ አለች። «ያ ረቢ» አለች። እኔ ዛሬ ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል በይ፣ በሩን ዝጊው አልኋት። ነፊሳ ከእኔ ትበልጣለች፣ የንግድ ሰው ናት፤ «የሺ፣ አብደሻል?» አለችኝ። «እንዲህ ያለ ወሬ በተወራበት ቀን በሬን ብዘጋ፣ ወሬውን ፈረምሁበት ማለት አይደል? እንደ ሁልጊዜው ይከፈታል። እንደ ሁልጊዜው ይመጣሉ።» ዛሬውኑ እናውጣው አልሁ። በየት? ወደ ወረታ የሚወስደው መንገድ ኬላ አለበት፣ ወጣት ሲያዩ ከመኪና ያወርዳሉ፤ በሐይቁም ቢሆን በቀን ወደቡ ላይ ጠባቂ አይጠፋም። የዘጌ ታንኳዎች እንጨትና ቡና አራግፈው የሚመለሱት ጎህ ሲቀድ ነው፤ አንድ የምታምነው የዘጌ ሰው አላት፣ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይመጣል። እስከዚያ አላህ ያውቃል አለች።

ክንዱን ለማየት ጓዳ ገባሁ። ጓዳው መስኮት የለውም፤ የቡና ሽታ፣ የሰው ሽታ፣ የሻጋታ ሽታ አንድ ላይ ያፍናል። ልጄ ጆንያ ላይ ተጋድሟል። ፀሐይ ሳያየው ፊቱ ገርጥቶ፣ አገጩ ላይ ይህችን የምታህል ጢም አብቅሏል። በሁለት ወር ውስጥ ቴሌቪዥኑን በዓይኑ አላየውም፤ ከግድግዳው ወዲያ ስለሚሰማ ግን የትኛው ቀን ምን እንዳለ በቃሉ ያውቀዋል። የእህቱን ነገር ስነግረው ሣቀ። ከዚያ ሣቁን ተወና «እማዬ፣ ሰለቸኝ» አለ። «በየማታው ከወዲያ 'ጠላት ተደመሰሰ' ሲል እሰማለሁ፣ ጠላት ከተደመሰሰ እኔን ለምን ይፈልጉኛል? ልውጣና ይውሰዱኝ፣ ቢያንስ ነፋስ አገኛለሁ።» እሱን ደግሞ መምታት አልችልም፣ ቁመቱ ጣሪያ ሊነካ ነው። «እኔ ልሙት፣ ጥቂት ቀን ቻል» ብዬ እግሩን ስሜ ወጣሁ።

ከእንቅልፍ ጋር እየታገልሁ መሸ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን እናትዓለምን ፊቷን አጥቤ፣ ፀጉሯን አበጥሬ ይዣት ሄድሁ። ላስቀራት አስቤ ነበር፤ ግን አንድ ቀን ቀርታ የማታውቅ ልጅ ብትቀር ሰው ምን ይላል? በመንገድ ላይ እጄን አልያዘችም። ነፊሳ ሳሎን ጢም ብሏል። ልጆች ከፊት ምንጣፉ ላይ፣ ሴቶች በመከዳው፣ ወንዶች በር በሩን ቆመው። ጓድ አገኘሁ ሰዓቱን ጠብቆ መጣ፣ ሽጉጡን እንደታጠቀ፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተጥፎ፣ አደይን አስከትሎ። ነፊሳ ወንበር አቀረበችለት። ወንበሩን አነሣና ከጓዳው መጋረጃ አጠገብ አኖረው። እዚያ ተቀመጠ። ትከሻው መጋረጃውን ይነካል።

የልጆቹ ፕሮግራም አለፈ፤ ልጆቹ ሲሥቁ እኔ ሣቁን ከሩቅ እሰማለሁ። ሁለት ሰዓት ላይ ዜና አንባቢው መጣ። ኮቱ እንዳማረበት፣ ፊቱ እንዳልተሸበሸበ፣ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚለውን እንደ ጸሎት አሰማና ቀጠለ። ጦሩ ድል አደረገ፣ ወጣቱ በገዛ ፈቃዱ እየተመዘገበ ነው፣ እናቶች ልጆቻቸውን በእልልታ ሸኙ። እልል የሚሉ እናቶችም ታዩ። እኔ አንዷን እናት አየኋት፣ አፏ እልል ይላል፣ ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ካሉት ሴቶች የሦስቱ ልጆች ዘምተዋል፤ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም። ዜናው ሲያልቅ ጓድ አገኘሁ ተነሣና በገዛ እጁ ድምፁን ዝቅ አደረገው።

«እስቲ ደግሞ» አለ፣ «የሰፈራችንን ዜና እንስማ። ጓዲት እናትዓለም የታለች?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የጠዋቱ ወሬ ያልደረሰው እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ። ነፊሳ የሻይ ብርጭቆ እንደያዘች ቆማ ቀረች። እናትዓለም ከልጆቹ መሃል ተነሣች። ካርቶን የላትም፤ ከቴሌቪዥኑ ጎን ሄዳ ቆመች፣ አንገቷን ቀጥ አደረገች። አንድ ጊዜ አየችኝ። በዓይኔ ምን እንዳልኋት አላውቅም። ከመጋረጃው ጀርባ ልጄ ትንፋሹን ይዞ እንደሚሰማ አውቃለሁ።

«እንደምን አመሻችሁ፣ ውድ ተመልካቾቻችን» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «በቅድሚያ ማስተካከያ እናሰማለን። ዛሬ ጠዋት ስለ ጓድ ክንዱ የተላለፈው ዜና ስሕተት መሆኑ ተረጋግጧል። ጓድ ክንዱ ከጠፉ ሁለት ወራቸው ነው። የት እንዳሉ እናታቸውም አባታቸውም አያውቁም። ጓዲት የሺመቤት ትናንት ማታ ወደ ጓዳ የገቡት ሰው እንዳያያቸው ለማልቀስ ነው። ስለተፈጠረው ስሕተት ተመልካቾቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን። ዜናችን በዚሁ አበቃ። ደህና እደሩ።»

ማስተካከያውን ማን አስተማራት? እኔ አላስተማርኋትም። የማልቀሱን ነገር እኔ አልነገርኋትም። እኔ የሰጠኋት ሦስት ደረቅ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ እሷ ሥጋ አለበሰችው፣ ከእውነቱ ቆንጥራ ከውሸቱ ጋር አቦካችው። ልጃቸው የሄደባቸው ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ፤ አንዷ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች፣ «እኔን! ሰው ቤት ገብታ ታልቅስ?» አለች። እኔም አለቀስሁ። ልቅሶውን ለማስመሰል አልነበረም፣ ያለቀስሁት ለቆመችው ልጅ ነው።

ጓድ አገኘሁ ዙሪያውን አየ። «ሰማችሁ?» አለ፣ ጮክ ብሎ፣ ለስብሰባ እንደሚናገር ሰው። «ሁላችሁም ሰማችሁ አይደል? የልጅ ወሬ ነበር።» «ሰምተናል» አሉ። «እንግዲያው ከዚህ በኋላ ይህን ወሬ ሲያወራ የተገኘ ከእኔ ጋር ነው።» አደይን ጎተተና ተነሣ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ይህ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ የዋለው ይህንኑ ኖሯል፤ አላውቅም የሚልበት ሃያ ምስክር። እሱም እንደ ባሌ ነው ለካ። በሩ ላይ ልሸኘው ስወጣ ጫማውን እየፈለገ፣ ፊቴን ሳያይ፣ «ማክሰኞ ጠዋት የነጋዴ መጋዘን ሁሉ ይፈተሻል፣ ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው» አለኝ። «ጓዳም ይገባሉ። ነፊሳ ቡናዋን ቀድማ ታነሣሣ። ከዚያ ወዲያ እኔ የለሁበትም።» አደይን በእጁ ይዞ፣ ትከሻው ጎበጥ እንዳለ ሄደ። ላመሰግነው ወይስ ልረግመው አላወቅሁም። ዝርዝሩን የጻፈው እሱ ነው፣ ዛሬ ልጄን የማረውም እሱ ነው።

ለነፊሳ ጆሮዋ ሥር ነገርኋት። «ነገ ጎህ ሳይቀድ» አለች። የዘጌው ሰው ነገ ባይመጣ ሌላ ታንኳ ትለምናለች፣ ታንኳው ላይ ደንገል ሥር አስተኝተው ያሻግሩታል፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚደርስ እሷም አታውቅም፣ እኔም እንዳልጠይቅ። ሳሎኑ ገና በሰው የተሞላ ነው። መጋረጃውን ገልጬ ልሰናበተው አልቻልሁም። እጄን በመጋረጃው አሳልፌ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረግሁ፤ ከወዲያም ሁለት ጊዜ ተመታ። ስንቅ እንኳ አልሰጠሁትም።

ቤት ስንገባ መርስዔ ኀዘን ፋኖሱን አብርቶ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየን። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ የዛሬን እንኳ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ዜናው እንዴት ነበር?» አለኝ። «ደህና ነበር» አልሁት። ራሱን ነቀነቀና ፊቱን አዞረ፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ከኋላው አየሁ። እናትዓለምን ቀሚሷን ሳወልቅላት ጀርባዋ ላይ የጣቶቼ ሰንበር አለ፤ አራቱም ጣት ይቆጠራል። ቅቤ ቀባኋት። መደቧ ላይ አስተኝቼ ጋቢ ሳለብሳት ዓይኗን ኮርኒሱ ላይ ተክላ፣ «እማዬ» አለችኝ፣ ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ወዬ።»

«ያ የቴሌቪዥኑን ዜና የሚያነበው ሰውዬ... እሱንም እናቱ መትታው ነው?»

መርስዔ ኀዘን ከአልጋው ላይ ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁ። «እንጃ ልጄ፣ ተኚ» አልኋት። አልተኛችም። ጎኗን ገልበጥ አድርጋ ሰንበሩ ሲነካት «እስ» አለችና፣ እጄን ፈልጋ ያዘች።

«እኔ ግን በደንብ አነበብሁ፣ አይደል?»

ልጆቼን የወለድሁበት ምጥ እንደዚህ አልከበደኝም። እጇ ትንሽ ነው፣ ትኩስ ነው፣ ምርቃቷን ትጠብቃለች።

«አዎ» አልኋት። «በደንብ አነበብሽ።»